እጇ ብቻ የሚታየው አስተማሪ

ልጆቹ ንገሪን ስላሉኝ ነው የምጽፈው። ባለፈው ቅዳሜ ቤዝመንቱን ስናጸዳ የልጅ ልጄ ኢዮስያስ ከአሮጌው ሶፋ ጀርባ አንድ ነጭ ሰሌዳ ጎትቶ አወጣ። ጥጉ ላይ ማርከር በክር ታስሮ ተንጠልጥሎበታል። ክዳኑን ነቅሎ ሊጽፍበት ሞከረ፤ ደርቋል። ሽታው ግን አልደረቀም። ያ አልኮልም ቀለምም የሚመስለው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«እማማ፣ አር ዩ ኦኬ?»

«ደህና ነኝ። እሱ የእህትህ ትምህርት ቤት ነው።»

«ይሄማ ሰሌዳ ነው» አለኝ፣ አያቴ መዘባረቅ ጀመረች መሰለኝ በሚል ድምፅ። እህቱ ናርዶስ ቤት በተማረችበት ዓመት እሱ ገና ዳይፐር ላይ ነበር፤ በምን ያውቃል። የአጎቱ ልጅም አብራው ነበረች። ሁለቱ ተጋግዘው ንገሪን፣ ንገሪን አሉኝ። ስናገር ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለልኩ መንገድ ስለምስት፣ ልጻፈው አልኩ። ስጽፍም እስታለሁ፤ ግን የሚያቋርጠኝ የለም።

እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ንባቡን ጨርሰን ቁጥር ልንጀምር ስንል ክረምት ገባ፣ የምታስተምረን ልጅም ወደ አገሯ ሄደች፣ ተበተንን። ስለዚህ ማንበብም መጻፍም ያቅተኛል አልልም፤ ሒሳቤ ግን እስከ ጣቴ ነው። ይሄንን ያስቀደምኩት በኋላ የማወራው እንዳይገርማችሁ ነው።

ያን ዓመት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ የገባሁት በሐምሌ ነው። ልጄ ሂሩት ኢዮስያስን ወልዳ፣ የምትሠራበት መጋዘን ልትመለስ ጥቂት ሳምንት ቀርቷት ነበር፤ ሕፃኑን ልይዝላት መጣሁ። ሰው እዚህ አገር ሲገባ መልሶ ልጅ ይሆናል። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቢጫው የተማሪ አውቶቡስ ደጃችን ይቆማል። ሲቆም ከጎኑ ቀይ ሰሌዳ እንደ ክንፍ ይዘረጋል። እኔ ሰላም የሚል መስሎኝ በመስኮት እጄን አወዛውዝለት ነበር። አንድ ቀን ሂሩት አይታኝ «እማዬ፣ ማንን ነው?» ስትለኝ «ይሄን ጨዋ አውቶቡስ» አልኳት። ሳቋን ለማቆም ወንበር ያዘች። ለካ ሰሌዳው ሌሎቹን መኪኖች ቁሙ የሚል ነው።

ናርዶስ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰባተኛ ክፍል ልትገባ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትቀመጥ እግሯን እንደ ገመድ የምትጠመዝዝ ልጅ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁልጊዜ ሆዷን ያማት ነበር አሉኝ። ሐኪም አያት፣ ምንም የለም አለ። ሂሩት ቀን ስትቆጥር ሕመሙ የሚመጣው ሒሳብ ባለባቸው ቀናት ሆኖ አገኘችው። ትምህርት ቤቱን አልወቅስም፤ አንዲት አስተማሪ ስንቱን ልጅ ትይዛለች። ልጅቷ ግን አንድ ቀን ልብስ ስናጥፍ እንዲህ አለችኝ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፤ «እማማ፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ልቤ ሲመታ ሌላ ሰው የሚሰማው ይመስለኛል።»

ሂሩት ወሰነች። አንድ ዓመት ቤት ትማራለች። እንግሊዝኛውን፣ ሳይንሱን፣ ታሪኩን እኔ ጠዋት ከሥራ በፊት አስተምራታለሁ አለች። የቀረው ሒሳብ ነው። እሱን ማን ያስተምራት?

ባሏ ደረጀ አልፈለገም። ደረጀ ሾፌር ነው፤ ሰው ከኤርፖርት ወደ ኢስተን፣ ከኢስተን ወደ ፖላሪስ፣ ከአንዱ የገበያ ሰፈር ወደ ሌላው ሲያመላልስ ይውላል። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ተናገረ። «ሒሳብ ሰው ፊትሽ ቆሞ ነው የሚያስተምርሽ። ቪዲዮ ግራ ሲገባሽ ዓይንሽን አያይም።»

«ሰው ፊቷ ቆሞ አየነው እኮ» አለች ሂሩት።

በመጨረሻ ተስማሙ፤ ያኔ በሕጉ ቤት የሚማር ልጅ የዓመቱን ሥራ የማስተማር ፈቃድ ያላት መምህርት አይታ ትፈርምለት ነበር። በግንቦት መምህርቷ ካልፈረመች፣ ወይም ከዚያ በፊት ነገሩ እንደማይሆን ከታየ፣ ናርዶስ ወደ ትምህርት ቤቷ ትመለሳለች። ልጅቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉን ሰምታለች። እኔ አይቻታለሁ፤ ጉልበቷን አቅፋ።

ሂሩት መጋዘን አብራት የምትሠራ አንዲት ፈረንጅ ልጆቿን ቤት ታስተምራለች። በቪዲዮ የሚሰጥ የሒሳብ ትምህርት እንዳለ የነገረቻት እሷ ናት። እኛ አንድ ብቻ መስሎን ነበር። ሂሩት ኮምፒውተሩን ስትከፍተው ገበያ ሆነ፤ አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይጎትታል፣ ሁሉም መጀመሪያ በነፃ ቅመሱኝ ይላል። ከዚያ ሁሉ ሦስት ለየች። ስማቸውን መያዝ ስላቃተኝ እኔ ስም አወጣሁላቸው። የመጀመሪያው ባለከረባቱ ነው።

ባለከረባቱ ነጭ ሰሌዳ ፊት የሚቆም፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ ሰው ነው። ናርዶስም እንደ እሱ እንድትጽፍ ሂሩት ያንን ሰሌዳ ገዛችላት። ጠዋት እናትና አባት ሲወጡ እኔ ኢዮስያስን ጭኔ ላይ አድርጌ ከልጅቷ ጎን እቀመጣለሁ። ሰውየው ምን እንደሚል አልሰማም፤ እንግሊዝኛዬ ያኔ «ሃይ» እና «ኖ ፕሮብሌም» ነው። ግን አስተማሪ መሆኑ ያስታውቃል። ሻርፔን አስተካክዬ ነበር የምቀመጠው።

በሁለተኛው ቀን ይሁን በሦስተኛው ናርዶስ አንዷን ቁልፍ ተጫነች፤ ሰውየው እጁን እንዳነሣ፣ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ።

«ምን አደረግሽው?»

«ፖዝ አደረግኩት።»

«እየተናገረ እኮ ነው።»

«ኢትስ ጀስት አ ቪዲዮ፣ እማማ።»

«ቪዲዮ ይሁን። ትልቅ ሰው ነው፣ አስተማሪ ነው። ሰው ሲናገር አፉን አይዘጉበትም። ጨርሶ ሲያበቃ ያልገባሽን ትጠይቂዋለሽ።»

«አይሰማኝም።»

«ባይሰማም። ነውር ነው።»

አየችኝ። ከዚያ ቁልፏን መልሳ ተጫነች፣ ሰውየውም ንግግሩን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ አላቆመችውም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታዳምጠዋለች። አሜሪካ ተወልዳ እንዲህ ያለ ጨዋነት ብዬ ኮራሁ። ስልክ ለደወለልኝ ሁሉ አወራሁ።

ትምህርቱ ሲያልቅ አጭር ፈተና አለ። አራት ከአሥር። ሦስት ከአሥር። እንደገና አራት። ሂሩት ማታ ቁጥሮቹን ታይና ከንፈሯን ትነክሳለች። ከስድስት ሳምንት በኋላ «ሰውየው ይፈጥናል፤ ሌላውን እንሞክር» አለች።

ሁለተኛው የቀበሮው ነው። ሰው የለበትም። ብርቱካን ቀበሮ እየዘፈነ ይዘላል፤ ልጅቷ ትክክል ስትመልስ ከዋክብት ይዘንባሉ። ይሄንን ኢዮስያስም ወደደው፤ ከዋክብቱ ሲዘንቡ ጭኔ ላይ ይፈነጥዛል። ናርዶስ ሳቀች። ከመጣሁ ጀምሮ ጥርሷን ያየሁት ያን ሰሞን ነው። በየቀኑ ከዋክብቷ ይበዛሉ። አሁን ተገኘ አልን።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሂሩት ከተቆረጠ ድፎ ዳቦ ግማሹን አንሥታ ለናርዶስ አሳየቻት። «ይሄ ግማሽ ዳቦ ነው። ለአንቺ፣ ለእማማና ለአባትሽ እኩል ብከፍለው የእያንዳንዳችሁ ከሙሉው ዳቦ ስንት እጅ ነው?»

ልጅቷ ዳቦውን አየች። እናቷን አየች።

«ምርጫዎቹ ምንድን ናቸው?»

ማንም አልሳቀም። ለካ ቀበሮው ሲጠይቅ አራት መልስ ደርድሮ ነው፤ እሷም ቀለማቸውን እያየች፣ የሚመስለውን እየነካች ነበር ከዋክብቱን ያዘነበችው።

«ዳቦው ላይ ኤ ቢ ሲ የለም፣ የኔ ልጅ» አለ ደረጀ፣ ቀስ ብሎ። ሰሃኑን ገፋ አደረገ። ከዚያ ለሂሩት «ከፈረንጆች ገና በኋላ ትመለስ» አላት። ናርዶስ ዳቦዋን ሳትነካ ተነሣች። ከላይ ቤት የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲዘጋ ሰማን። ሆዷን ነው።

ገና ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ሂሩት ጨነቃት፤ ባለከረባቱ ይሻል ነበር ብላ ወደ እሱ መለሰቻት። ከሥራ በቀረችበት አንድ ረቡዕ ልብስ ይዛ በሳሎን ስታልፍ ቆም አለች። ሰውየው ይናገራል፣ ናርዶስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ታዳምጣለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ጎኗ ነኝ። እንባውን አላየሁም፤ እኔም ሰውየውን በአክብሮት እያዳመጥኩ ነበር።

«ናርዲ፣ ካልገባሽ ለምን አታቆሚውም? ወደ ኋላ መልሺው።»

«አይቻልም።»

«እንዴት አይቻልም?»

«እማማ ነውር ነው ብላኛለች።»

ሂሩት ወደኔ ዞረች። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ለካ የዚህ ትምህርት ጥቅሙ ማስቆሙ ነው፤ መመለሱ፣ ደግሞ መስማቱ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ልጅቷን ውሃ አጠገብ አስቀምጬ አትጠጪ ብያታለሁ። ያውም እየኮራሁ።

ደረጀ ውጭ የመኪናውን መስታወት በረዶ ይፍቅ ነበር። በነጠላ ጫማ ወጣሁ።

«እትዬ፣ ይግቡ፣ ይወድቃሉ።»

«ደረጀ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በልጅቷ አትፍረድባት።»

«እርስዎ ደግሞ ምን አጠፉ?»

ነገርኩት። መፋቂያውን እንደያዘ ቆመ።

«አስተማሪውን እንዳታቋርጠው?»

«አዎ።»

ፊቱን ወደ መኪናው መለሰ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ተናደደ ብዬ ልመለስ ስል ለካ እየሳቀ ነው። «የኔም እናት አስተማሪህን ቀና ብለህ እንዳታየው ብላ ነው የላከችኝ» አለኝ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «እስከ ጥር መጨረሻ። ከዚያ ወዲያ ግን እትዬ፣ ልጄ ባዶ እንድትቀር አልፈልግም።» በረዶው እግሬ ላይ ቀለጠ፣ ክንዴን ይዞ አስገባኝ።

አሁን ወደ አክስቴ ልሂድ፤ ያለ እሷ ቀጣዩ አይገባም። ልጅ ሆኜ ስፌት ያስተማረችኝ አክስቴ ዘነቡ ናት፣ ደሴ ዙሪያ። ሰፌድ ትሰፋለች፤ ጠርዙ ላይ በአለላ የተሠራ አበባ ይዞራል። ፊት ለፊቷ ስቀመጥ «ተነሺ» ትለኛለች። «ከፊቴ ካየሽኝ እጄ ይገለበጥብሻል። ጎኔ ሁኚ፤ እጄን እንደ እጅሽ እዪው።» አታወራም። ትሰፋለች፣ እኔ አያለሁ። ከዚያ ወስፌውን ትሰጠኝና «አሁን አንቺ አሳዪኝ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ የአበባውን ስፌት ስቼ ቆጥሬ ዙሩ ሲያልቅ ሁለቱ ጫፎች አልገጥም አሉ። ከእምብርቱ ጀምሬ ልፈታው ስል እጄን ያዘችኝ። «ሁሉን አይደለም፤ እስከ ሳትሽበት ብቻ ፍቺ።»

ይሄን ለናርዶስና ለሂሩት ነገርኳቸው። ከዚያ አንድ ሐሳብ አመጣሁ፤ ሦስቱንም እንያቸው፣ አሁን እያቆምን። ከእያንዳንዱ አንድ ትምህርት አይታ ስትጨርስ ናርዶስ ኮምፒውተሩን ዘግታ ለእኔ በአማርኛ ታስተምረኝ። እኔ ምንም ስለማላውቅ ማታለል የለም። የገባኝ ገባኝ፣ ያልገባኝ አልገባኝም።

ቀበሮውን አየች። ለእኔ ስታስተምረኝ ዘፈኑን ዘፈነችልኝ። ሌላ የለም። ባለከረባቱን አየች፤ አሁን እያቆመች፣ እየመለሰች። እውነቱን ልናገር፣ ሰውየው በደል አልነበረበትም። ደህና ነገረችኝ። ግን መሐል ላይ ትጠፋለች፤ «እሱ እዚህ ጋ ዝም ብሎ ዘለለ» ትለኛለች።

ሦስተኛዋ ገና አልታየችም ነበር። ሂሩት ስትከፍታት ሰው የለም። ነጭ ወረቀት አለ፣ ከላይ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከዚያ አንድ እጅ ገባ። የአሮጊት እጅ። ጥፍሩ አጭር፣ ቆዳው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ፣ እርሳስ ይዟል። ድምፅ አለ፣ ዝግ ያለ፤ ፊት ግን የለም። ጎኗ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

«ሺ ኢዝ ሶ ቦሪንግ» አለች ናርዶስ፤ አሰልቺ ናት ማለቷ ነው።

«ታገሺ።»

እጇ ክብ ሣለች፣ ከፈለች፣ ጻፈች። ከዚያ ቆመች። «ኡፕስ» የሚል ሰማሁ። የጻፈችውን አላጠፋችውም፤ አንድ መስመር አሰመረችበትና ከሥሩ እንደገና ጻፈች። ናርዶስ ቀና አለች። ወደ ኋላ መለሰችው። እንደገና አየችው።

«ምን ሆነች?» አልኳት።

«ተሳሳተች። ከዚያ የት እንደተሳሳተች ነገረችን።»

ኮምፒውተሩን ዘጋችና ለእኔ ልታስተምረኝ ተነሣች። ክፍልፋይ የሚለውን ቃል በአማርኛ አታውቀውም፤ የሕፃኑን ፎጣ አመጣች። ለሁለት አጠፈች፣ ዘረጋችው፣ እንደገና ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት አጠፈች። «ክፈቺው» አለችኝ። ከፈትኩት፤ የእጥፋቱ መስመሮች ፎጣውን ስድስት ቦታ ከፋፍለውታል። «የዳቦው ነው» አለችኝ። «የእናቴ ዳቦ። ግማሹ ለሦስት። እያንዳንዱ ከስድስት አንድ።» እኔ ገባኝ። በዚያ ዕድሜዬ ከስድስት አንድ ምን እንደሆነ በፎጣ ገባኝ።

ማታ ራት ላይ ሂሩት «የትኛው?» ስትላት ናርዶስ «እጇ» አለች።

ደረጀ የትምህርቱን መግለጫ ከኮምፒውተሩ ላይ አነበበ። «ይቺ ሴት ከአምስተኛ ክፍል ነው የምታስጀምራት። ልጄ ሰባተኛ ናት እኮ።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት መመዘኛ ፈተና ነበረው። ፈተናው የናርዶስ ክፍተት ክፍልፋይ ላይ እንደሚጀምር አሳይቷል። አምስተኛ ክፍል ሳለች ነው በዓመቱ አጋማሽ ከከተማው ሰሜን በኩል ወደ ፒከሪንግተን የተዛወሩት። የድሮው ትምህርት ቤት ክፍልፋይ ገና አልጀመረም፣ አዲሱ ጨርሷል። ልጅቷ መሐል ወደቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም፤ እሷም ደደብ ነኝ ብላ ተቀበለችው።

«ሁሉን አትፈታም» አልኩት ደረጀን። «እስከ ሳተችበት ብቻ ነው።»

አየኝ። ከዚያ ናርዶስን አያት። «እሺ» አላት። «የእጇን ያዢ።»

ያ ክረምት፣ የዚህ አገር ክረምት ማለቴ ነው፣ ከሕይወቴ ደስ ካሉኝ ጊዜያት አንዱ ነው። ውጭ በረዶ ይጥላል፣ ቢጫው አውቶቡስ ክንፉን ዘርግቶ ያልፋል፣ እኛ ሳሎን ነን። አስተማሪዋን «እትዬ እጅ» አልናት። ማስቆሙን ተቀብያለሁ፤ ግን ዝም ብሎ ማስቆም አላስቻለኝም። ናርዶስ ቁልፏን ከመንካቷ በፊት እኔ «ይቅርታ እትዬ» እላለሁ። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እሷም ትለው ጀመር። አንዳንዴ እኔ ስረሳ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። «እማማ፣ በያ።» «ይቅርታ እትዬ።» ጠቅ።

አንዳንድ ቀን ይከፋል። አንድ ጊዜ አንድ ትምህርት ላይ አራት ቀን ቆየን፤ ማርከሩን ስትወረውረው ሶፋው ሥር ገባ። ኢዮስያስ እየዳኸ ሄዶ አወጣው፣ አፉ ውስጥ ከተተው፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። እሱን ስናጥብ ንዴቱ በረደ። በክር ያሰርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥር ሲያልቅ ደረጀ አልጠየቀም። ሂሩትም አላስታወሰችውም። የካቲት ገባ።

በግንቦት መምህርቷ ላይብረሪ ቀጠረችን። ጡረታ የወጣች፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሂሩት ከሥራ መቅረት ስላልቻለች ደረጀ አድርሶን መኪና ውስጥ ጠበቀ፤ እኔ ከልጅቷ ጋር ገባሁ። ናርዶስ የዓመቱን ወረቀት በፎልደር ይዛለች። ሴትዮዋ ገለጠች፣ አነበበች፣ ፈገግ አለች። ሁሉ ነገር ያለቀ ሲመስለኝ አንድ ወረቀት ስባ አንድ ነገር ጻፈችና ወደ ናርዶስ ገፋችው።

ናርዶስ ወረቀቱን አየች። እግሯ ወንበሩ ሥር መጠምዘዝ ጀመረ። ያንን እግር አውቀዋለሁ። ፊቷ ነጣ። ሆዷን ልትይዝ ነው ብዬ የራሴን ሆድ ያዝኩ። ከዚያ ቀና ብላ ሴትዮዋን ዓይን ዓይኗን አየቻትና «ካን አይ ሃቭ አ ሚኒት?» አለቻት። አንድ ደቂቃ ይስጡኝ ማለቷ ነው። ክፍል ውስጥ ልቧ ሲመታ ሰው እንዳይሰማት ትንፋሿን የምትይዝ ልጅ ደቂቃ ጠየቀች። ሴትዮዋ «ቴክ ቱ» አለቻት። ሁለት ውሰጂ።

ሣለች። አሰመረችበት፣ ከሥሩ ሌላ ሣለች። ጥያቄው ምን እንደነበር በኋላ ነገረችኝ፤ በሦስት ሩብ ውስጥ ግማሽ ስንት ጊዜ ይገኛል ነው። አንድ ተኩል ብላ ጻፈች። ሴትዮዋ ናርዶስ ያሰመረችበትን ስሕተት በጣቷ ነካችና አንድ ነገር አለቻት። ናርዶስ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ከዚያ ሴትዮዋ ፈረመች።

መኪናው ጋ ስንደርስ ደረጀ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየን። ናርዶስ ወረቀቱን አሳየችው። ፊርማውን ብቻ አላየም፤ ያንን የተሠመረበትን ወረቀት ከፎልደሩ አውጥቶ ብዙ ጊዜ አየው። «ምን አለችሽ?» አላት። «ከመልሱ ይልቅ ይሄን መስመር ወደድኩት አለችኝ» አለችው። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ መልስልኝ አላለችውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጆቹ ያውቁታል፤ አልጽፈውም። ለዚያ ዓመት አምላኬን አመሰግናለሁ፤ ልጅቷ ይቅር ስላለችኝ፣ ያቺን ፊቷን ያላየሁትን ሴት ስላገኘናት። የማያውቁት አንድ ነገር ግን አለ። እኔም ያወቅኩት ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ናርዶስ ከቤት ከወጣች ወዲህ ነው።

ደረጀ ዓይኔን ለሐኪም እንዳሳይ ፖላሪስ ወሰደኝ። ቀድመን ስለደረስን መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። ሰፊውን የመኪና ማቆሚያ በእጁ አሳየኝ።

«እትዬ፣ ያኔ ሰው እስኪጠራኝ እዚህ ነበር የማቆመው። እዚያ ዛፉ ሥር።»

«ምን ታደርግ ነበር?»

«እማር ነበር።»

የሚቀልድ መስሎኝ አየሁት። አልሳቀም።

«ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ አባቴ ሲሞት። ሂሩት ታውቃለች፣ ልጆቹ አያውቁም። ናርዶስ ቤት ትማር ሲባል እኔን ያስፈራኝ ቪዲዮው አልነበረም። አንድ ቀን አባዬ ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው ብላ እኔ ጋ እንዳትመጣ ነው። ያኔ እትዬ እጅን ስትመርጥ የመግቢያ ቃሉን ከሂሩት ወሰድኩና በስልኬ ከፈትኩት። ከአምስተኛ ክፍል መጀመሯ ለእኔም ሆነልኝ። ከናርዶስ አንድ አንድ ትምህርት እየቀደምኩ ወረቀት መሪው ላይ አድርጌ እሠራለሁ።»

«ጠየቀችህ ታዲያ?»

«አንድም ቀን አልጠየቀችኝም» አለ። «እስከ መጋቢት ቀደምኳት። ከዚያ ደርሳ አለፈችኝ። እኔ ግን አላቆምኩም፤ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ጨረስኩት። አሁን ለልጆቹ ቢነግሯቸው ግድ የለኝም።»